የአሸዋ ድንጋይ ተራራ፣ ድንበርና ውሃ

ምንባብ

ጥቁር ዓባይ ከኢትዮጵያ ደጋማ አገር ደለል ተሸክሞ፣ ነጭ ዓባይም በምድር ወገብ አካባቢ ካሉት ሐይቆች ተነሥቶ ካርቱም ላይ ይገናኛሉ። የሚገናኙበት ስፍራ ሙግረን ይባላል። ከተማይቱን ሁለቱ ወንዞች ስለሚያዋስኗት፣ የከተማው ውሃ ሁሉ በወንዞቹ ውስጥ ብቻ የሚገኝ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ካርቱም የምትጠቀምበት ውሃ ሁሉ በዐይን የሚታይ አይደለም። ከቤቶቹና ከመንገዶቹ ሥር፣ ወንዞቹ ካነጠፉት አሸዋና ጭቃ በታች፣ ወፍራም የአሸዋ ድንጋይ አለ። በዚህም ድንጋይ ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ ይኖራል።

የሥነ ምድር ሊቃውንት ይህን ድንጋይ የኑብያ የአሸዋ ድንጋይ ብለው ይጠሩታል። ከኦምዱርማን ወጣ ብለው የሚታዩት የመርኺያት ኮረብታዎች የዚሁ ድንጋይ ቅሪቶች ናቸው። ከካርቱም በስተሰሜን ምሥራቅ የሚገኙት የሜሮዌ ነገሥታት ሐውልተ መቃብሮችም የተሠሩት ከአካባቢው የአሸዋ ድንጋይ ነው። በልዩ ልዩ ዘመናት የተፈጠሩ የአሸዋ ድንጋዮች በሰሜን ሱዳን፣ በግብፅ፣ በደቡብ ምሥራቅ ሊቢያና በሰሜን ምሥራቅ ቻድ እጅግ ሰፊ ምድር ይሸፍናሉ። አብዛኛውን ጊዜ በአሸዋ ሥር ተሸፍነው ይገኛሉ፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ከፍ ብለው አምባና ተራራ ይሆናሉ። ከእነዚህ ተራሮች አንዱ የሱዳን፣ የግብፅና የሊቢያ ድንበሮች በሚገናኙበት ስፍራ የቆመው ጀበል ዑወይናት ነው። የዚህን ተራራ ተፈጥሮ ያወቀ ሰው፣ በዚያ ምድር ላይ ውሃ ለምን የሕይወትና የሞት ጉዳይ እንደ ሆነ ይረዳል።

1. የአሸዋ ድንጋይ አፈጣጠር

የአሸዋ ድንጋይ የሚፈጠረው ከሌላ ድንጋይ ፍርስራሽ ነው። ጥንታዊ ተራሮች በፀሐይ፣ በዝናብና በነፋስ ኃይል ይፈራርሳሉ። ወንዞች ፍርስራሹን ጠርገው ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይወስዱታል። ከብዙ መንገላታት በኋላ ለስላሳው ክፍል ተፈጭቶ ሲጠፋ፣ ጠንካራዎቹ የአሸዋ ቅንጣቶች ይቀራሉ። እነዚህ ቅንጣቶች በንጣፍ ላይ ንጣፍ እየሆኑ ይከመራሉ። በላያቸው ያለው ክብደት ይጫናቸዋል፤ በመካከላቸው የሚያልፈውም ውሃ ኖራ፣ ብረትና ሌሎች ማዕድናት እያስቀረ ያጣብቃቸዋል። በዚህ ሁኔታ አሸዋው ድንጋይ ይሆናል። በድንጋዩ ላይ የሚታየው ቀይ፣ ቢጫና ቡናማ ቀለም በአብዛኛው የብረት ዝገት ያመጣው ነው።

በካርቱም ሥር የሚገኘው ድንጋይ የተነጠፈው ክሬታስየስ በሚባለው የምድር ዘመን፣ ማለትም ከ145 ሚሊዮን እስከ 66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የዑወይናት የአሸዋ ድንጋይ ደግሞ ከዚህ በዕድሜ ይበልጣል፤ የተፈጠረበት ዘመን ከ250 ሚሊዮን ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይሄዳል።

የአሸዋ ድንጋይ ድፍን መስሎ ቢታይም በቅንጣቶቹ መካከል ብዙ ጥቃቅን ሽንቁሮች አሉት። ውሃ የተሞላ አዲስ የሸክላ ገንቦ ውጫዊ አካሉ እንደሚወረዛ ሁሉ፣ ውሃ በአሸዋ ድንጋይ ውስጥም ቀስ እያለ ይሰርጋል። ብዙ ሰው የከርሰ ምድር ውሃ ሲባል በዋሻ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ይመስለዋል። በአሸዋ ድንጋይ አገር ግን ውሃው የሚኖረው በድንጋዩ በራሱ ውስጥ ነው።

የአሸዋ ድንጋይ ለኢትዮጵያ ምድርም እንግዳ አይደለም። ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ መንገደኛ በላይ የእሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ፣ ዝቅ ሲል የኖራ ድንጋይ፣ ወደ ወንዙ ሲቃረብ ደግሞ የአሸዋ ድንጋይ ተደራርቦ ያያል። በትግራይ የገርዓልታ ገደሎች የአሸዋ ድንጋይ ናቸው፤ የአቡነ የማታ ቤተ ክርስቲያንም የተፈለፈለው በዚሁ ዓይነት ድንጋይ ውስጥ ነው። ነገር ግን በኢትዮጵያ ብዙውን የአሸዋ ድንጋይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሸፍኖታል፤ በየዓመቱም ክረምት ይጎበኘዋል። የዑወይናት ድንጋይ ግን ራቁቱን ቆሞ ፀሐይና ነፋስ ይፈራረቁበታል።

2. የተራራው አቀማመጥ

ጀበል ዑወይናት የሚገኘው 22ኛው ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስና 25ኛው ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ በሚቋረጡበት ስፍራ አጠገብ ነው። ከካርቱም በስተሰሜን ምዕራብ በቀጥታ መስመር ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ለእርሱ ቅርብ ከሚባለው የዓባይ ዳርቻ እንኳ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት አለው። ከፍተኛው ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ 1934 ሜትር ሲሆን፣ ተራራው በዙሪያው ካለው ሜዳ ከ1000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል።

ተራራው በሁለት የተለያዩ ድንጋዮች የተሠራ ነው። የምዕራቡ ክፍል ከምድር ውስጥ ቀልጦ ወጥቶ የረጋ ግራናይት ሲሆን፣ ክብ ቅርጽ አለው። የምሥራቁ ክፍል ደግሞ የአሸዋ ድንጋይ አምባ ነው። ከፍተኛው ጫፍ የሚገኘውም በዚህ በአሸዋ ድንጋዩ ክፍል ላይ ነው። በስተሰሜን ምዕራብ፣ በሊቢያ ግዛት ውስጥ፣ አርከኑ የተባለው ሌላ ተራራ ይታያል። በስተሰሜን፣ በግብፅ ግዛት፣ ጊልፍ ከቢር የተባለ ሰፊ የአሸዋ ድንጋይ አምባ ተዘርግቷል። ከተራራው በስተምሥራቅ እስከ ዓባይ አቅጣጫ ያለው ምድር ግን አብዛኛው ዛፍና ኮረብታ የማይታይበት የሰሊማ አሸዋማ ሜዳ ነው።

3. ስሞቹ የሚናገሩት

የበረሃ ሰዎች ለስፍራዎች ስም ሲያወጡ በመጀመሪያ የሚያስቡት ስለ ውሃ ነው። በዐረብኛ «ጀበል» ማለት ተራራ ማለት ነው። «ዑወይናት» የሚለውም «ዐይን» ከሚለው ቃል የወጣ ነው። «ዐይን» በዐረብኛ እንደ አማርኛው የማያ ብልት ሲሆን፣ ምንጭ የሚል ትርጉምም አለው። ስለዚህ «ጀበል ዑወይናት» ማለት የትንንሽ ምንጮች ተራራ ማለት ነው። ስሙ ራሱ ለመንገደኛ መልእክት አለው፤ ምንጭ መኖሩን ያበሥራል፤ ምንጮቹ ግን ትንንሽ መሆናቸውን ያስጠነቅቃል።

የተራራው ሸለቆዎች «ከርኩር» እየተባሉ ይጠራሉ። አብዛኛው በሱዳን በኩል የሚገኘው ትልቁ ሸለቆ ከርኩር ጠልሕ ይባላል፤ «ጠልሕ» ግራር ነው። በእርግጥም በዚያ ሸለቆ የግራር ዛፎች ይበቅላሉ። ሌላው ሸለቆ ከርኩር ሙር ነው። «ሙር» መራራ ማለት ሲሆን፣ ከአማርኛው «መረረ» ጋር ሥሩ አንድ ነው። በዚያ የሚገኘው ምንጭ ዐይን ሙር፣ ማለትም መራራው ምንጭ ይባላል። ግራር በሚል ስምና መራራ በሚል ስም መካከል ያለውን ልዩነት የማያውቅ መንገደኛ ወዴት ማቅናት እንዳለበት ሊሳሳት ይችላል።

ምንጮቹ ከጥልቅ ምድር የሚፈልቁ አይደሉም። ዝናብ ከስንት አንዴ በተራራው ላይ ሲጥል፣ ውሃው በስንጥቆች ገብቶ በጥላ ቦታ ተጠብቆ ይቆያል፤ ከድንጋዮች ሥርም ጥቂት በጥቂት ይወጣል። በዚህም ምክንያት ከአንድ መልካም ዝናብ በኋላ ምንጮቹ ይጠግባሉ፤ ለብዙ ዓመታት ዝናብ ሲጠፋ ደግሞ ይመነምናሉ።

4. ተራራውን የቀረጹት ኃይሎች

ዑወይናት በምድር ላይ እጅግ ደረቅ ከሚባሉት ስፍራዎች በአንዱ መካከል ይገኛል። አንዳች ዝናብ ሳይጥል ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ሰማዩ ደመና ስለሌለው ቀን የፀሐይ ትኩሳት ድንጋዩን ያግለዋል፤ ሌሊት ሙቀቱ በፍጥነት ይበተናል። ይህ መፈራረቅ ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲደጋገም ድንጋዩን ያደክመዋል። በስንጥቆች ውስጥ የሚቀር ጨውም ሲደርቅና ሲያብጥ ድንጋዩን እየላጠ ያረግፈዋል።

ነፋስም የበኩሉን ሥራ ይሠራል። በ1930ዎቹ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) ይህን በረሃ በመኪና የዞረው እንግሊዛዊው መኮንን ራልፍ ባግኖልድ የአሸዋን አካሄድ በጥልቀት ያጠና ሰው ነው። ባግኖልድ እንዳስረዳው፣ በነፋስ የሚነዳ አሸዋ አብዛኛው እየዘለለ የሚሄደው ከመሬት ብዙ ሳይርቅ ነው። ስለዚህ አሸዋው የድንጋዩን እግር ይበልጥ ይፍቃል፤ አናቱን ግን ብዙ አይነካም። በበረሃ ውስጥ እግራቸው ቀጥኖ አናታቸው ሰፍቶ እንደ እንጉዳይ የቆሙ ዐለቶች የሚታዩት ከዚህ የተነሣ ነው።

ይሁን እንጂ ሸለቆዎቹን የቆረጠው ነፋስ አይደለም። እንደዚያ ያለ ጥልቅ ሸለቆ ሊቆፍር የሚችለው የሚወርድ ውሃ ነው። ዛሬ ውሃ በማይወርድበት ተራራ ላይ የወንዝ ሸለቆ መገኘቱ፣ በአንድ ወቅት በዚያ ምድር ብዙ ዝናብ እንደ ነበረ ይመሰክራል።

5. በረሃው ለምለም በነበረበት ዘመን

ከ11 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ እስከ 5 ሺህ ዓመት ገደማ ድረስ በነበረው ዘመን የዝናብ መስመር ዛሬ ካለበት ወደ ሰሜን ርቆ ይደርስ ነበር። የዛሬው ሰሐራ ሣር የሚበቅልበት፣ ሐይቅ የሚቆምበት አገር ነበር። የዑወይናት ነዋሪዎች ለዚህ በድንጋይ ላይ ምስክር ትተዋል። በከርኩር ጠልሕና በሌሎቹ ሸለቆዎች በዐለት ላይ የተሣሉና የተቀረጹ ብዙ ሥዕሎች ይገኛሉ። ቀጭኔ፣ ሰጎን፣ ከዚያም በብዛት የቀንድ ከብትና እረኞች ይታያሉ። ላምና በሬ በየዕለቱ ውሃና ሣር የሚፈልጉ እንስሳት ናቸው። ስለዚህ ከብት የተሣለበት ስፍራ ለከብት የሚበቃ ውሃ የነበረበት መሆኑን መገመት አያስቸግርም።

የጥንቱን ውሃ ሌላ ማስረጃም ይደግፈዋል። እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1981 ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በሰሊማ አሸዋማ ሜዳ ላይ ስታልፍ በራዳር ሥዕል አነሣች። ራዳሩ ደረቁን አሸዋ ጥቂት ሜትር ዘልቆ ከሥሩ ያለውን መሬት አሳየ። በሥዕሉም ላይ በአሸዋ የተቀበሩ የጥንት ወንዞች ሸለቆዎች ታዩ። ላይ ላዩን ሲያዩት ዝርግ የሆነው ሜዳ፣ ከሥሩ የጠፉ ወንዞች መቃብር ሆኖ ተገኘ።

ዝናቡ ወደ ደቡብ ሲያፈገፍግ ሕዝቡም ውሃን ተከትሎ ተበተነ። ከፊሉ ወደ ዓባይ ሸለቆ እንደ ሄደ ሊቃውንት ያምናሉ። ቢሆንም ተራራው ፈጽሞ አልተረሳም። እ.ኤ.አ. በ2007 በዑወይናት የግብፁ ፈርዖን የዳግማዊ ምንቱሆቴፕ ስም ያለበት የድንጋይ ላይ ጽሑፍ ተገኝቷል። ይህም ከ4 ሺህ ዓመት በፊት ግብፃውያን ከተራራው ጋር ግንኙነት እንደ ነበራቸው ያሳያል።

6. በማስመሪያ የተሠመረ ድንበር

ብዙ ጊዜ ድንበር ወንዝን ወይም የተራራን ሰንሰለት ተከትሎ ይሄዳል። የዑወይናት ድንበሮች ግን የተሠመሩት በካርታ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 እንግሊዝና ግብፅ ባደረጉት ስምምነት 22ኛው ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ የሱዳን ሰሜናዊ ወሰን ሆነ። በ1925 ግብፅና ኢጣሊያ የግብፅንና የሊቢያን ወሰን ሲወስኑ በደቡብ በኩል 25ኛውን ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ተከተሉ። በ1934 ደግሞ እንግሊዝ በሱዳን ሰሜን ምዕራብ ማዕዘን የነበረውን ሳራ የተባለውን ሦስት ማዕዘን መሬት ለኢጣሊያ ቅኝ ግዛት ለሊቢያ ለቀቀች። በዚህ ዓይነት አንዱ ተራራ ለሦስት አገሮች ተከፈለ። ዐይን ዱዋ የተባለው ምንጭ በሊቢያ፣ ዐይን ሙር ደግሞ በሱዳን ቀረ።

ድንበሩ በሚሠመርበት ወቅት ስለ ተራራው የሚታወቀው ጥቂት ነበር። ግብፃዊው መንገደኛ አሕመድ ሐሰነይን ከሜዲትራኒያን ባሕር ዳር ከሰሉም ተነሥቶ በግመል እስከ ሱዳኗ ኤል ኦበይድ የተጓዘው በ1923 ነው። አርከኑንና ዑወይናትን ለውጭው ዓለም ያስታወቀው እርሱ ነው። በዑወይናት ሲደርስ በአነስተኛ ቁጥር የሚኖሩ ሰዎችንና በዐለት ላይ የተሣሉትን ምስሎች አግኝቷል።

ከስምንት ዓመት በኋላ ተራራው መራራ ነገር አየ። እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1931 የኢጣሊያ ጦር ኩፍራ የተባለውን የሊቢያ ለምለም ስፍራ ሲይዝ፣ ሕዝቡ ወደ በረሃው ሸሸ። ኩፍራ ከዑወይናት 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከሸሹት መካከል ዑወይናት የደረሱ ነበሩ፤ ብዙዎች ግን በመንገድ በውሃ ጥም አለቁ።

ይህ ታሪክ በ1931 ብቻ የቀረ አይደለም። ከሱዳን ወደ ኩፍራ በሚወስደው የበረሃ መንገድ በሕገ ወጥ አሻጋሪዎች መኪና የሚጫኑ ስደተኞች፣ ከእነርሱም መካከል ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ወጣቶች፣ በዚሁ ምድር ያልፋሉ። መኪና ሲበላሽ ወይም መንገድ ሲስት ሞት የሚመጣው በጥም ነው። ትንንሾቹ ምንጮች በሸለቆ ውስጥ የተሸሸጉ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት በእግር ከሚገፋ ሰው አቅም በላይ ነው። በሱዳን ጦርነት ምክንያትም ስፍራው ይበልጥ አስፈሪ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 2025 የሱዳን ጦር ከሦስቱ አገሮች ድንበር መገናኛ አካባቢ ሲለቅ፣ የፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ስፍራውን ያዘ።

7. ድንበር የማያውቀው ውሃ

በተራራው ዙሪያ ካለው በረሃ በታች ከተራራው ምንጮች እጅግ የሚበልጥ ሌላ ውሃ አለ። የኑብያ የአሸዋ ድንጋይ ውሃ በሚባል ስም ይታወቃል። የሚገኝበት ምድር ስፋት ከ2 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ ግብፅ፣ ሊቢያ፣ ሱዳንና ቻድ ይጋሩታል። ይህ ውሃ በአብዛኛው በጥንቶቹ እርጥብ ዘመናት የዘነበ ዝናብ ነው። ሊቃውንት በግብፅ ምዕራባዊ በረሃ ከጥልቅ ጉድጓዶች የቀዱትን ውሃ ዕድሜ ሲመረምሩ፣ አንዳንዱ ከ200 ሺህ ዓመት ጀምሮ እስከ 1 ሚሊዮን ዓመት የሚደርስ ሆኖ አግኝተውታል።

የወንዝ ውሃ በየክረምቱ የሚታጨድ እህል ነው ቢባል፣ ይህ ውሃ ከጥንት ጀምሮ በጎተራ የተቀመጠ እህል ነው። ከጎተራው ይወጣል እንጂ የሚጨመርበት የለም፤ የሚጨመር ቢኖርም ከሚወጣው ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም። ሊቢያ በ1984 (እ.ኤ.አ.) ሥራውን በጀመረችው ታላቁ ሰው ሠራሽ ወንዝ አማካይነት ከበረሃው ሥር ውሃ እየቀዳች በትላልቅ ቧንቧዎች ወደ ሜዲትራኒያን ዳር ከተሞች ወስዳለች። በኩፍራ ዙሪያና በግብፅ ምሥራቅ ዑወይናት በተባለው ስፍራ በዚሁ ውሃ የሚለሙ ክብ ክብ እርሻዎች ከሰማይ ሲታዩ በቡናማው ምድር ላይ አረንጓዴ ሳንቲም የተበተነ ይመስላል።

ውሃው ለተጠማ ከተማና ለተራበ ሕዝብ ጠቅሟል። ነገር ግን ከጉድጓድ ብዙ ውሃ ሲቀዳ በዙሪያው ያለው የውሃ ወለል ዝቅ ይላል። ጥልቀት የሌላቸው የአካባቢው ጉድጓዶች ይደርቃሉ፤ ቀድሞ ውሃ በራሱ ፈንቅሎ ይወጣበት የነበረ ስፍራ መቅጃ ሞተር ይፈልጋል። ቅጃው በድንበር አጠገብ ሲሆን ጉዳቱ ከጊዜ በኋላ ወደ ጎረቤት አገር ሊሻገር ይችላል። አራቱ አገሮች ይህን በመገንዘብ የጋራ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት አቋቁመዋል፤ ሱዳን በ1996፣ ቻድ በ1999 ገብተውበታል። በ2013ም በጋራ ስለሚሠሩት ሥራ የስምምነት ሰነድ ፈርመዋል። ይሁን እንጂ ስምምነት የሚጸናው የየአገሩ ቅጃ ሲለካና ልኩም ለጎረቤት ሲነገር ነው። መለኪያውን የሚያነብ ባለሙያ በጦርነት ምክንያት ከስፍራው ሲርቅ፣ ከጎተራው ስንት እንደ ወጣ የሚያውቅ አይኖርም።

8. የካርቱም ጉድጓዶች

በካርቱም ሥር ያለው የአሸዋ ድንጋይ ውሃ ከዑወይናቱ የሚለይበት አንድ ዋና ነገር አለ። በጥቁር ዓባይ አጠገብ ያሉት ጉድጓዶች ከወንዙ በሚሰርግ ውሃ ይታደሳሉ። በጎጃምና በወሎ ተራሮች ላይ የዘነበ ዝናብ በወንዝ ተጉዞ፣ በካርቱም ከአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ገብቶ፣ ከጉድጓድ ተቀድቶ ይጠጣል። ከወንዙ እየራቀ ሲሄድ ግን የጉድጓዱ ውሃ የቆየና በቀላሉ የማይታደስ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር 2023 በካርቱም ጦርነት ሲነሣ የውሃ ማጣሪያ ሥራዎች ተቋረጡ። ብዙ ነዋሪዎች ቧንቧቸው ደርቆ ከወንዝና ከጉድጓድ ለመቅዳት ተገደዱ። በሁለት ታላላቅ ወንዞች መካከል የሚኖር ሕዝብ ውሃ ቸገረው። ውሃ ከምድር በላይ መፍሰሱ ወይም ከምድር በታች መከማቸቱ ብቻውን ሰውን እንደማያጠጣ በዚህ ታየ። የሚቀዳበት፣ የሚጣራበትና ለሁሉ የሚዳረስበት ሰላም ያስፈልገዋል። በዑወይናት ዐለት ላይ ከብቶቹን የሣለው እረኛ ዝናቡ ሲሸሽ ሊከለክለው አልቻለም። ዛሬ ከአሸዋ ድንጋዩ የሚቀዳው ውሃ መጠን ግን በሚቀዱት ሰዎችና መንግሥታት ፈቃድ የሚወሰን ነው።

የቃላት ፍቺ

ደለል — ወንዝ ተሸክሞ የሚያመጣው ጥሩ አፈርና አሸዋ
ከርሰ ምድር — የምድር ውስጥ፣ ከመሬት ወለል በታች ያለ ክፍል
ሽንቁር — ጠባብ ቀዳዳ
ወረዛ — እርጥበት አወጣ፣ ራሰ
ኬክሮስ — ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ያለውን ርቀት የሚያመለክት መስመር
ኬንትሮስ — ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ያለውን ርቀት የሚያመለክት መስመር
መነመነ — እያነሰ፣ እየቀጠነ ሄደ
አፈገፈገ — ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ሸሸ
ጎተራ — እህል የሚከማችበት ጎታ ወይም ቤት

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በተሟላ ዓረፍተ ነገር መልሱ።

1. የአሸዋ ድንጋይ ውሃ ሊይዝ የሚችለው ለምንድን ነው? በምንባቡ ውስጥ ከምን ጋር ተነጻጽሯል?
2. «ጀበል ዑወይናት» የሚለው ስም ለመንገደኛ ምን ያበሥራል? ስለ ምንስ ያስጠነቅቃል?
3. በዑወይናት ዘንድ በጥንት ዘመን ብዙ ውሃ እንደ ነበረ የሚያሳዩ ሦስት ማስረጃዎችን ጥቀሱ።
4. የዑወይናት ድንበሮች ከወንዝ ወይም ከተራራ ሰንሰለት ድንበር በምን ይለያሉ?
5. በካርቱም ወንዝ ዳር ያለው የጉድጓድ ውሃና በዑወይናት በረሃ ሥር ያለው ውሃ ልዩነታቸው ምንድን ነው?
6. «ከጎተራው ስንት እንደ ወጣ የሚያውቅ አይኖርም» የሚለው ሐሳብ ምን ለማለት ነው?

ለ. የሚከተሉትን ቃላት በየራሳቸው ዓረፍተ ነገር ውስጥ አግቡ።

ሰረገ፣ መነመነ፣ ተፈራረቀ፣ መሰከረ፣ አፈገፈገ፣ ተዳረሰ

ሐ. «መራራ»፣ «ምሬት» እና «አማረረ» የሚሉት ቃላት ከአንድ ግሥ የወጡ ናቸው። እንደዚሁ ከሚከተሉት ግሦች ሦስት ሦስት ቃላት አውጡ።

ቀዳ፣ ሰማ፣ ጠጣ፣ ወሰነ

መ. የጽሕፈት መልመጃ

በምትኖሩበት አካባቢ ሕዝቡ የሚጠቀምበት ውሃ ከየት እንደሚመጣ ጠይቃችሁ ተረዱ። የውሃውን ስፍራ ስም ትርጉም፣ በዙሪያው ያለውን የድንጋይና የአፈር ዓይነት፣ በበጋና በክረምት የሚያሳየውን ለውጥ፣ እንዲሁም ሰዎች ውሃውን የሚካፈሉበትን ደንብ በመግለጽ አንድ ገጽ ድርሰት ጻፉ።